ጥላሁን ያደገባት ወሊሶ፦ ለ11 ሰው የአንድ ቀን ጉዞ እንዴት ይታቀድ?

የሸክላ ወዳጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። የጥላሁን ገሠሠ ወዳጆች የሆንን 11 ሰዎች የትውልድ ከተማውን ወሊሶን ለማየት ተነስተናል። ልደቱ ስለሆነ የመረጥነው ቀን መስከረም 17 ነው። ጠዋት ከአዲስ አበባ ወጥተን ማታ ቤታችን መግባት እንፈልጋለን። የምንከራየው ሃይሩፍ ሚኒባስ ነው። ወደ 30 የሚጠጉ የድሮ ካሴቶች አሉን፣ የመኪናው ቴፕ ግን ፍላሽ እንጂ ካሴት አይቀበልም።

ቀኑ ይሆናል? ወሊሶ ላይ ምን ይታያል? የተማረበት ትምህርት ቤት ያስገባል? ካሴቶቹን በቤት ውስጥ መገልበጥ ይቻላል? ከቻልን ወንጪንም እግረ መንገዳችንን ብናየው ደስ ይለናል። የምታውቁ ምከሩን።

---

የጅማ መንገድ

ቀኑን ቀይሩት። መስከረም 17 ቀን 1933 ልደቱ መሆኑ ልክ ነው፤ ግን መስቀልም ነው፣ እናንተ የምትሄዱበት መንገድ ደግሞ ጉራጌ አገር መግቢያ ነው። ከመስከረም 10 ጀምሮ በወልቂጤ በኩል ለመስቀል የሚገባው ሕዝብ ያለውን መኪና ሁሉ ይዞ ይሄዳል። በዚያ ሰሞን ሚኒባስ ብታገኙም የኪራዩ ዋጋ የሌላ ጊዜ ዋጋ አይደለም። በ16 ከሰዓት ለደመራ መሃል ከተማው ይዘጋል። ቀጥሎ ያለው ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ኢሬቻ ነው፣ መንገድ እንደገና ይዘጋጋል። ከጥቅምት አጋማሽ ወዲያ ያለ ማንኛውም ቅዳሜ ይሻላል፤ ዝናቡ ወጥቷል፣ የበቾ ሜዳ ጤፍም ገና አልታጨደም። እሸት ሽምብራ ከመንገድ ዳር እየገዛን እንሂድ ካላችሁ ግን ታኅሣሥና ጥርን ጠብቁ።

መንገዱ ቀላል ነው፦ አየር ጤና፣ ዓለም ገና፣ ሰበታ፣ ተፍኪ፣ ተጂ፣ አስጎሪ፣ ቱሉ ቦሎ፣ ዲሌላ፣ ወሊሶ። 114 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አየር ጤናን ካለፋችሁ በሁለት ሰዓት ተኩል ትደርሳላችሁ። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከተነሳችሁ ሰበታ እስክታልፉ ብቻ አንድ ሰዓት ሊበላባችሁ ይችላል፤ ፋብሪካውም የጭነት መኪናውም እዚያ ነው። ከሰበታ በኋላ የሚያስቸግረው ጋሪ፣ ባጃጅና ከብት ነው፣ በተለይ ከተሞቹ መግቢያ ላይ። ስለዚህ በጨለማ አትንዱ፤ ከ12 ሰዓት በፊት ሰበታን አልፋችሁ ግቡ።

መኪናውን ስትዋዋሉ እነዚህን አጣሩ። ዋጋው ነዳጅና የሹፌር አበል ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህ ነው። ታርጋው ኮድ 3 ይሁን፤ በቤት መኪና ታርጋ ሰው በክፍያ ጭኖ መሄድ ኬላ ላይ ያስቆማል። ሰማያዊና ነጩ የከተማ ታክሲም ያለ ፈቃድ ከከተማ አይወጣም። የቦሎውንና የሦስተኛ ወገን መድኑን ቀን በዓይናችሁ እዩ። 11 ሰው ከሹፌር ጋር 12 ነው፣ መኪናው ባለ 12 ወንበር ከሆነ ሞልቷል፤ ዘፋኝ ጓደኛ በመጨረሻ ሰዓት መጨመር አይቻልም፣ ትርፍ ነው። ጎማ መቀየሪያው ክሪክ መኖሩንና ተቀያሪው ጎማ ነፋስ መያዙን ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ።

ናፍጣ በ100 ኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 11 ሊትር ያዙለት። ደርሶ መልስ 230፣ ከተማ ውስጥ መዟዟሪያ ጨምሩና 250 ኪሎ ሜትር በሉት፦ 28 ሊትር አካባቢ ነው። በዕለቱ ዋጋ አባዙት። ማደያ ሰልፍ ጠዋት አትያዙ፤ በዋዜማው ይሞላ፣ ክፍያው በቴሌብር ስለሆነ የሚከፍለው ሰው ሒሳቡ ላይ ብር ይኑረው።

ወንጪን እርሱት። ከወሊሶ ተጨማሪ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የተራራው አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ በእግር ወደ ሐይቁ ወርዶ መውጣቱ ብቻውን ግማሽ ቀን ይወስዳል። ወንጪን የፈለገ አንድ ሌሊት ወሊሶ ይደር። ሁለቱን በአንድ ቀን የሚያደርግ ሰው ሁለቱንም በመስኮት ነው የሚያየው።

ከመነሳታችሁ በፊት በዋዜማውም በዕለቱ ጠዋትም ወሊሶ ላለ ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ይህን የምለው ለወግ አይደለም።

---

ሞኖ ይሻላል

ስለ ካሴቱ። መጀመሪያ ሒሳቡን እወቁት፦ ካሴት የሚገለበጠው በሚጫወትበት ፍጥነት ነው። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፣ 30 ካሴት 30 ሰዓት ነው። ለጉዞው የሚያስፈልጋችሁ የሦስት ሰዓት ሙዚቃ ስለሆነ በገበያ በጥሩ ድምፅ የማይገኙትን ስድስት ወይም ስምንት ካሴቶች ምረጡ። የ1960ዎቹን የሸክላ ሥራዎች ከካሴት አትገልብጡ፤ የድሮ ሙዚቃችንን በሲዲ ያወጣው ተከታታይ፣ ኢትዮጲክስ፣ ቁጥር 17ቱ ለጥላሁን ብቻ የተሰጠ ስለሆነ ብዙውን ከዚያ በተጣራ ድምፅ ታገኙታላችሁ። የካሴት ጥቅሙ ለኋለኛው ዘመን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከማጫወታችሁ በፊት እያንዳንዱን ካሴት እስከ መጨረሻ አጠንጥናችሁ መልሱት፤ ለዓመታት የቆመ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃል። ክሩ መሃል ላይ ያለችውን ትንሽ ስፖንጅ እዩ፤ ከወደቀች ድምፁ ይሄዳል ይመጣል፣ ከሌላ የማይፈለግ ካሴት አውጥቶ መለጠፍ ይቻላል። ክሩን የሚያነበውን የቴፑን ሄድ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጥጥ ጥረጉ። ሽቶም አረቄም አይሆንም። የጎማዋን ሮለርም ጥረጉ፣ ቡናማ እድፍ ካለባት ፍጥነቱን የምታዛባው እሷ ናት።

ዶልቢ የሚለውን የሹሹታ መቀነሻ ቁልፍ አጥፉት። የአገር ቤት ቅጂ በአብዛኛው ያለ ዶልቢ የተቀዳ ስለሆነ ከበራ ድምፁ ብርድ ልብስ እንደለበሰ ይታፈናል። አሁንም ከታፈነ የቴፑ ሄድ አቅጣጫ ተዛብቷል፦ ከእሱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በሩብ ዙር ውስጥ ብቻ እያዟዟራችሁ ጸናጽሉ ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቦታ ላይ አቁሙ። የነበረችበትን ቦታ አስቀድማችሁ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ አለዚያ መመለሻ የላችሁም።

ከቴፑ ወደ ኮምፒውተር በላይን አውት (በድምፅ መውጫው ቀዳዳ) አውጡ። የላፕቶፕ ማይክ ቀዳዳ ውስጥ አትሰኩት፤ ለማይክ የተሠራ ስለሆነ የቴፕ ድምፅ ሲገባበት ይቀደዳል፣ ብዙዎቹም ሞኖ ናቸው። ርካሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ይበቃል። በ44.1 ኪሎ ኸርዝ፣ በ16 ቢት ቅዱ፤ ትልቁ ድምፅ ከዜሮ በ6 ዴሲቤል ዝቅ ይበል።

ፍጥነት ላይ ተጠንቀቁ። ባትሪ የደከመ ወይም ላስቲኩ የላላ ቴፕ በ6 በመቶ ቢዘገይ ዘፈኑ በግማሽ ቶን ይወርዳል። 3 በመቶ ሲሆን ደግሞ የሩብ ቶን ነገር ነው፤ ለመስማት ብዙ አይጎዳም፣ መኪና ውስጥ ክራር ይዞ አብሮ ሊመታ የተዘጋጀ ሰው ካለ ግን ከምንም ቅኝት ጋር አይገጥምለትም። ላስቲኩን ቀይሩ፣ በመብራት አጫውቱ።

ፍላሹ በፋት32 ይፎርማት። የመኪና ቴፖች ብዙውን ጊዜ ኤክስፋትና ኤንቲኤፍኤስ አያነቡም፣ የግዕዝ ፊደል ያለበትንም ስም በሳጥን ሳጥን ያሳያሉ። ፋይሎቹን 01፣ 02፣ 03 እያላችሁ በቁጥር ሰይሙ፤ ዝርዝሩን በወረቀት አትሙና ጋቢና የሚቀመጠው ይያዘው። የሸክላውና የካሴቱ ድምፅ ከፍታ ስለሚለያይ በኤምፒስሪጌይን (የኤምፒስሪ ፋይሎችን ድምፅ እኩል በሚያደርግ ፕሮግራም) አስተካክሏቸው፣ አለዚያ አንድ ሰው መንገዱን ሙሉ ቮልዩም ሲያዞር ይውላል። መኪናው ላይ ላውድነስን አጥፉ፣ ቤዙን ዜሮ ላይ አድርጉ፣ መሃለኛውን ትንሽ ከፍ። የጥሌ ድምፅ ያለው መሃለኛው ላይ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ቤዝ የሚጨምር ሰው የሞተሩን ጩኸት ነው የሚያዳምጠው።

---

ቱሉ ቦሎ ውረዱ

አንድ እርማት፦ በብዛት የሚነገረው አዲስ አበባ መወለዱ ነው። ወሊሶ ወደ አያቱ ሄዶ ያደገባት፣ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት የተማረባት ከተማ ናት። ኦሮምኛም የዘፈነ ሰው ስለሆነ ወሊሶን ሳያዩ እሱን ሙሉ ለሙሉ መረዳት ይከብዳል። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ከተማዋን ጊዮን ሲሏት ከሰማችሁ ሌላ ቦታ እንዳይመስላችሁ።

ለማንኛውም ትኬት ተቆርጦ የሚታይ ነገር ፍለጋ አትሂዱ። ከሁሉ የሚበልጠው መታያ መንገዱ ራሱ ነው። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፦ ሱዳናዊው ርእሰ መምህር ሼዳድ አበረታቱት፣ ከሀገር ፍቅር ቴአትር እነ ንጋቷ ከልካይና እዮኤል ዮሐንስ ወሊሶ መጥተው ሲያሳዩ ከእዮኤል ጋር ተነጋገረ፣ ከዚያ ትምህርቱን ትቶ በእግሩ ወደ አዲስ አበባ ተነሳ። ቱሉ ቦሎ አያቱ ደረሱበት፤ ዘመድ ቤት አድሮ ተመለሰ። አንድ ሌሊት ወሊሶ አድሮ እንደገና ወጣ፣ በዚህኛው ግን ዕቃ በጫነ መኪና ውስጥ ተደብቆ። በየቦታው 15 ኪሎ ሜትር ተጓዘ ተብሎ ይጻፋል። በመኪናችሁ ቆጣሪ ለኩት፤ ከወሊሶ ቱሉ ቦሎ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እስከዚያ ሁሉንም በእግሩ ከሄደው፣ ልጁ ከሚባለው እጥፍ ሄዷል ማለት ነው።

ስለዚህ የሙዚቃው ጉዞ መሄጃው ሳይሆን መመለሻው ይሁን። ስትሄዱ ተኙ፣ ተጫወቱ፣ የፈለጋችሁትን ስሙ። ከወሊሶ ስትነሱ ፍላሹን ከ01 ጀምሩ። ከወሊሶ እስከ ቱሉ ቦሎ 40 ደቂቃ ገደማ፦ ማሲንቆና ክራር፣ የአገር ባህል ዘፈን፣ የራሱ የኦሮምኛ ሥራዎች፤ ወደ አስር ዘፈን ይበቃል። ቱሉ ቦሎ ወርዳችሁ ሻይ ጠጡ። ከዚያ እስከ ሰበታ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘመን፣ ነሐስ መሣሪያው የበዛበት፤ ሸክላዎቹ አጭር ስለሆኑ 15 ያህል ያዙ። ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጋር ተያይዞ መታሰሩን ማወቅ እዚህ ላይ ጆሮን ይከፍታል። ከሰበታ ወዲህ ደግሞ የካሴት ዘመን፣ ከአይቤክስና ከዋልያስ ባንዶች ጋር የሠራቸው። ረጃጅም ናቸው፣ መኪናውም የሚቆመው እዚያ ነው፤ የቤዝ ጊታሩን መስመር ለመከተል ከአየር ጤና ሰልፍ የተሻለ ቦታ የለም።

መጨረሻው ፒያሳ ሀገር ፍቅር በር ላይ ይሁን፤ ከዚያ መቃብሩ ያለበት ሥላሴ ካቴድራል።

---

የጅማ መንገድ

ሐሳቡ ያምራል፣ ሰዓቱ ግን አይገጥምም። ከወሊሶ 8 ሰዓት ተነስተው፣ ቱሉ ቦሎ ሻይ ጠጥተው፣ አየር ጤና ሲደርሱ 11 ተኩል ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ፒያሳ ሲወጡ ይመሻል፣ ሥላሴም ማታ ሄደው የሚያዩት አይደለም። ሥላሴን ሌላ ቀን አድርጉት። ሚያዝያ 11 ለምሳሌ፣ በ2001 ያረፈበት ቀን ነው፣ ለዚያ መኪናም አያስፈልግም።

---

ቱሉ ቦሎ ውረዱ

ስለ ሥላሴ ተቀብያለሁ። ሀገር ፍቅርን ግን አልለቅም፤ ከውጭ ለማየት ምሽትም ይሆናል። ልጁ በጭነት መኪና የወጣው እዚያ ለመድረስ ነው።

---

የሸክላ ወዳጅ

ሁላችሁንም እናመሰግናለን። ቀኑን ወደ ጥቅምት ሦስተኛ ቅዳሜ አዙረናል፣ ወንጪ ቀርቷል። ትምህርት ቤቱስ? ምሳስ?

---

የጠዋት ደወል

ትምህርት ቤት ቅዳሜ ዝግ ነው፤ ዘበኛው አላስገባም ቢል ትክክል ነው፣ አትከራከሩት። ከሁለት ሳምንት በፊት ደብዳቤ ጻፉ፦ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ለምን እንደምትመጡ፣ የተጠሪውን ስልክና የመታወቂያ ቅጂ። አንድ ቅጂ ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ለርእሰ መምህሩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው የሚደርሰው፤ ቅዳሜ ጠዋት በር ላይ የሚጻፍ ደብዳቤ የለም። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ብታዘጋጁት ሥራው ይፈጥናል፣ ቢሮው የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነውና። ባዶ እጅ አትሂዱ፤ አንድ ካርቶን ደብተር ከ11 ሰው ቢዋጣ ከባድ አይደለም። ልጆች ካሉ ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ።

ከትምህርት ቤቱ ውጭ ሽማግሌዎችን ማነጋገር ከፈለጋችሁ ካሜራውን ቀድማችሁ አታውጡ። አፋን ኦሮሞ የሚችል ሰው ከመካከላችሁ ይቅደም፣ ሰላምታው ይርዘም።

ምሳ፦ 11 ሰው በአንዴ ሲገባ ማእድ ቤቱ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። በዋዜማው ደውላችሁ የምትበሉትን እዘዙ፣ 6 ሰዓት ላይ ይቅረብ በሉ። ፍል ውኃውንም ዛፉንም ማየት ከፈለጋችሁ ነጋሽ ሎጅ አለ፤ ዋጋው ከከተማው ምግብ ቤት ከፍ ይላል፣ የመዋኛው ክፍያ ለብቻው መሆን አለመሆኑን በስልኩ ላይ ጠይቁ። ጦጣዎቹ ከጠረጴዛ ላይ ይነጥቃሉ፣ ስልክና ዳቦ አታስቀምጡ። ክትፎ ካላችሁ ከተማው ውስጥ ይሻላል፤ ለጉራጌ ቅርብ ስለሆነ ቆጮውም ደህና ነው። የሚጾም ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ምሳ ላይ ሙዚቃ ክፈቱልን ብላችሁ የራሳችሁን ፍላሽ አትስጡ። ምግብ ቤት የቀረ ፍላሽ ይዞ ከወሊሶ 01ን መጀመር አይቻልም፤ ሁለተኛ ቅጂ ሹፌሩ ጋ ይቀመጥ።