የሙዚቃ መሣሪያ ሲገባ የመጣበት አገር ባህልም አብሮ ይገባልን?

የሶሺዮሎጂ ተማሪ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁም። ባህልን ቁሳዊና ቁሳዊ ያልሆነ ብለን ከፍለን ተምረናል። መሣሪያው፣ አልባሳቱና ሕንፃው በአንድ ወገን፣ ቋንቋው፣ እምነቱ፣ ደንቡና እሴቱ በሌላ ወገን ይመደባሉ። አሜሪካዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር ዊሊያም ኦግበርን እ.ኤ.አ. በ1922 እንዳስረዳው፣ ቁሳዊው ክፍል ፈጥኖ ሲለወጥ እሴቱና ደንቡ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ይህን በአገራችን ታሪክ ለመመርመር የመረጥሁት የአርባዎቹን ልጆች ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ፣ ከአርመኖች እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች በትንፋሽ መሣሪያዎች ሲጫወቱ ሰምተው አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያንም ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ለጻፉለት «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» ለተባለው ብሔራዊ መዝሙር ዜማውን ደረሱ። ትራምፔቱና ሳክስፎኑ የአውሮፓን ሙዚቃ ይዘው ገቡ ወይስ ለእኛ ዜማ ተገዙ? የኦግበርን ሐሳብስ እዚህ ላይ ይሠራል ትላላችሁ?

የሙዚቃ መምህር

ውድ ጠያቂ፣ ሁለቱም ሆኗል፤ በአንድ ጊዜ ግን አይደለም። በመጀመሪያ መሣሪያው የገባው ከነሥራው ነው። ቤተ መንግሥቱ የፈለገው ለእንግዳ አቀባበልና ለሰልፍ የሚሆን ማርሽ ስለነበር ልጆቹም ያንኑ ተጫወቱ። ለውጡ የመጣው ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስና ማዘጋጃ ቤቱ የየራሳቸውን የሙዚቃ ክፍል አቋቁመው ኢትዮጵያውያንን ሲያሠለጥኑ ነው። ሠልጣኙ ማርሹን ያጠና እንጂ ጆሮው የተቃኘው በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ነበር።

ጌታቸው መኩሪያን አድምጡ። በሳክስፎኑ የሚጫወተው ሽለላ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጀምራል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሐረጉን እንደ ፎካሪ በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል፣ ከዚያም ቆም ብሎ እንደገና ይነሣል። በዚያ ጨዋታ ውስጥ የውጭ የሆነው መሣሪያው ብቻ ነው። የኬቮርክ የወንድም ልጅ የሆኑት ነርሲስ ናልባንድያን ደግሞ በተቃራኒው መንገድ መጥተው፣ በአምስት ድምፅ የተመሠረተውን ዜማችንን ለብዙ መሣሪያዎች ኅብር በሚስማማ መልኩ ለማቀናበር ረጅም ዘመን ደክመዋል። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ጥቂት አንሸራትቶ የሚያገኘውን ድምፅ ፒያኖ አይሰጥምና። ስለዚህ ቅኝቶቻችን ኦርኬስትራ ውስጥ ገብተው ቢኖሩም አንዳንድ ጠርዛቸው ተሞርዷል። እኔ በበኩሌ ይህ ሊያሳስበን የሚገባ ጉዳት ነው እላለሁ፤ ዛሬ በኪቦርድ ብቻ የሚማሩ ልጆች ያንን ድምፅ ሳይሰሙት ያድጋሉ።

የታሪክ ወዳጅ

መምህር ያሉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን የኦግበርን መዘግየት በግልጽ የሚታየው በዜማው ሳይሆን ለሙዚቀኛው በሚሰጠው ቦታ ላይ ይመስለኛል። አዝማሪ በየሰርጉና በየጠጅ ቤቱ እየተፈለገ፣ «ልጄን ለአዝማሪ አልድርም» የሚባልበት ዘመን ረጅም ነበር። ትራምፔቱ አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ይህ አመለካከት አልተነቃነቀም። ቀስ በቀስ ያነቃነቀው የደንብ ልብሱና የወር ደመወዙ ነው፤ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኛ ወታደርም ስለነበር እንደ አዝማሪ ሊናቅ አልቻለም። ከዚያው ክፍል የወጣው ጥላሁን ገሠሠ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያርፍ ቀብሩ በብሔራዊ ደረጃ ተፈጸመ። መሣሪያው ፈጥኖ ሲገባ፣ ሙዚቀኛን ማክበር የሰው ዕድሜ ያህል ፈጀ። አዝማሪው ራሱ ግን ያንን ክብር እስከ ዛሬ በሙሉ አላገኘም፤ ይህም ያሳዝነኛል።

የአብነት ተማሪ

መሣሪያው ያልገባበትንም ቦታ መመልከት ይገባል። በማኅሌት ዛሬም ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ እንጂ ትራምፔት የለም። ሆኖም «አልተለወጠም» ማለት አይደለም። በቅዱስ ያሬድ ስም በሚታወቁት በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማዎች ላይ የምልክት ሥርዓቱ የተደራጀው በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ነው። ከውጭ ሳይመጣ ከውስጥ የተወለደ ለውጥ ነው።

የሶሺዮሎጂ ተማሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ አንድ ነገር ልጨምር፤ ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች የጠፉት ሕዝቡ ስለሰለቻቸው ነውን?

የሙዚቃ መምህር

ዋናው ምክንያት መሰልቸት አይመስለኝም። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የታወጀው ሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን የምሽት ቤቶች ኑሮ አዳከመው፤ አሥርና አሥራ አምስት ሙዚቀኛ የሚያስተዳድር ገበያ ሲጠፋ ኪቦርድ የትንፋሽ ክፍሉን ቦታ ያዘ። ስለዚህ በጥናትዎ ውስጥ የባህል ለውጥን ሁሉ በሕዝብ ምርጫ እንዳያስረዱት አደራ እላለሁ፤ የመንግሥት ትእዛዝና የገበያ መጥበብም ድርሻ አላቸው። ዜማው ግን ወደ ውጭም ተጉዟል። ሙላቱ አስታጥቄ በለንደንና በቦስተን ተምሮ የፈጠረው ኢትዮ ጃዝ በአውሮፓ ይደመጣል፤ ጌታቸው መኩሪያም በስተርጅና ዘ ኤክስ ከተባለው የኔዘርላንድ ባንድ ጋር ለዓመታት ተጫውቷል። እዚያ የተቃኙት ሆላንዳውያኑ ነበሩ፤ ጊታራቸውን ይዘው ከሽለላው ሥር ገቡ።