አሮጌ ቦክስ ጊታር ማስጠገን በአዳማ፦ የትኛውን ሥራ ለማን?

የአባታችሁን ወይም የወጣትነት ዘመናችሁን ቦክስ ጊታር ከቁም ሳጥን ላይ አውርዳችሁ «አዳማ ውስጥ ማን ይጠግንልኛል?» ለምትሉ ሁሉ የምሰጠው ጥቆማ አንድ ነው፦ ጊታሩን ሙሉ በሙሉ ለአንድ ሰው አትስጡ። ሥራውን ከፋፍሉት። ከተማችን ውስጥ ለእያንዳንዱ ጉዳት የሚሆን ባለሙያ አለ፤ አሮጌ ጊታሮች የሚበላሹት ሙጫ የሚችለው ሰው ቀለሙንም፣ አንገቱንም፣ ክሩንም እንዲነካ ሲደረግ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ጊታሩ ለናይለን ክር የተሠራ ይሁን ለብረት ክር ለዩ። የናይለኑ ጊታር ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ ሰፊ ነው፤ ራሱ ላይ ሁለት ረጃጅም ክፍተቶች አሉት፤ ክሩም ብሪጁ (የፊት እንጨቱ ላይ የተለጠፈው፣ ክሩ የሚያዝበት እንጨት) ላይ በቋጠሮ ይታሰራል። የብረቱ አንገት ጠበብ ይላል፣ ክሩም አብዛኛውን ጊዜ ብሪጁ ላይ በትናንሽ ችካሎች ይያዛል። የናይለን ስድስቱ ክሮች በአንድነት የሚስቡት ኃይል ወደ 40 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከ12 እስከ 53 የሚባለው (ቁጥሩ የቀጭኑና የወፍራሙ ክር ውፍረት በኢንች ሺኛ ነው) የተለመደው የብረት ክር ግን ከ70 ኪሎ በላይ ይስባል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው የፊት እንጨት ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። የአጎቴን ጊታር ያጠፋው ይህ ነው። ክር የሸጠለት ሱቅ የጊታሩን ዓይነት ሳይጠይቅ የብረት ክር ሰጠው፤ ብሪጁም ከፊት እንጨቱ ስንጥር ይዞ ተነቀለ። ስለዚህ ክር ከመግዛታችሁ በፊት የጊታሩን ፎቶ በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ፎቶውን ሳያይ ክር የሚያወጣላችሁ ከሆነ ሌላ ሱቅ ሞክሩ።

አዳማ ላይ በአሮጌ ጊታሮች ደጋግሜ የማየው ጉዳት የብሪጅ መነሳት ነው። ምክንያቱ ሙቀቱ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ጊታር ሲቀር ሙጫው ይለሰልሳል፣ ክሩ ግን መሳቡን አያቆምም። ለመፈተሽ ከብሪጁ ጀርባ በኩል ቀጭን ወረቀት ለማስገባት ሞክሩ። ወረቀቱ ከገባ ክሩን ዛሬውኑ አላሉት፤ ሳይነቀል የተደረሰበት ብሪጅ በንጽህና ይመለሳል።

ይህን ሥራ የት ልውሰድ ለሚለው ሁለት ምርጫ አለ። የፈርኒቸር ቤት አናጺዎች ሞርሳ፣ ሹል መሮና የሠለጠነ እጅ አላቸው፤ ዋጋቸውም ይቀላል። ሆኖም ልማዳቸው በአሮጌው ሙጫ ላይ አዲስ ኮላ ጨምሮ በብሎን ማጠናከር ነው። ለአልጋና ለቁም ሳጥን ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው፤ ጊታር ላይ ግን ብሎኑ ቀጭኑን እንጨት ይሰነጥቀዋል፣ አዲሱም ኮላ ከአሮጌው ጋር አይያያዝም። ክራርና ማሲንቆ የሚሠሩ ሰዎች ግን ስስ እንጨት የክር ጉልበት ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን በእጃቸው ያውቁታል። ስለዚህ የእኔ ምርጫ እነርሱ ናቸው። ባለሙያ ለማግኘት የቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎችንና በሆቴል ምሽት የሚጫወቱ ሙዚቀኞችን ጠይቁ፤ መሣሪያቸውን ማን እንደሚያክምላቸው ያውቃሉ። አናጺ ዘንድ የምትሄዱ ከሆነ ግን ሥራውን ከመስጠታችሁ በፊት «አሮጌውን ሙጫ እስከ እንጨቱ ድረስ ያነሱታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ብሪጁ በሞርሳ ሲጠበቅም በድምፅ ቀዳዳው በኩል ከውስጥ ድጋፍ የሚሆን እንጨት መግባት አለበት፤ አለዚያ የፊት እንጨቱ ይጎብጣል።

ሙጫውን ራሳችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። በየዕቃ መደብሩ የሚሸጠው ተራ ነጭ ኮላ ሲደርቅ ጠንካራ ይመስላል፤ ሙቀትና የማያቋርጥ ስበት ሲገናኙበት ግን ቀስ በቀስ ይንሸራተታል፣ ለአዳማ ደግሞ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ሁለት ውሁድ ተቀላቅሎ የሚሠራው ኢፖክሲ በደንብ ይይዛል፤ ነገር ግን ከዓመታት በኋላ ብሪጁን ማንሳት ቢያስፈልግ እንጨቱን ሳያቆስል አይለቅም። ሱፐር ግሉ ለጥቃቅን ስንጥቅ ይጠቅም ይሆናል፣ ለብሪጅ ግን ተሰባሪ ነው። እኔ የምመርጠው ቀይ ምልክት ያለበትን ታይትቦንድ ኦሪጅናል ነው። ጊታር ሠሪዎች በሰፊው ይጠቀሙበታል፣ ሲያስፈልግም በሙቀት ይለቃል። ሰማያዊና አረንጓዴ ምልክት ያላቸው የዚሁ ድርጅት ሙጫዎች ውኃ ለሚነካቸው ዕቃዎች የተሠሩ ስለሆኑ ለዚህ ሥራ አትምረጧቸው። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ ትንሿን ጠርሙስ አስመጡ፤ ለብዙ ጥገና ትበቃለች። ከተለጠፈ በኋላ ሙሉ ቀን በሞርሳ ይቆይ፤ ክር የሚወጠረው ከዚያ በኋላ ነው።

የፊት እንጨቱ ላይ ስንጥቅ ካለ ወዲያውኑ አታስለጥፉት። በበጋው ደረቅ ነፋስ እንጨት ይኮማተራል፣ ስንጥቁም ይሰፋል። ቀዳዳ ያለው የሳሙና መያዣ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ ጨምቃችሁ አስገቡና ከጊታሩ ጋር በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ለጥቂት ቀናት አቆዩት፤ ብዙ ስንጥቆች ራሳቸው ይጠባሉ። ከዚያ ነው ሙጫ ገብቶ ከውስጥ በኩል ትናንሽ የእንጨት ልጣፎች የሚደረጉት። ለጊታር የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። መለኪያ ከፈለጋችሁ የጫጩት መፈልፈያ መሣሪያ የሚሸጡትን ጠይቁ፤ ለሥራቸው የግድ ስለሚያስፈልግ የእርጥበት መለኪያውን ያውቁታል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስበው ባለሙያ ልምጣ፦ ወርቅ ሠሪው። ክሩ በአንገቱ ጫፍና በብሪጁ ላይ የሚያርፍባቸው ሁለት ነጭ ቁራጮች በርካሽ ጊታር ላይ ፕላስቲክ ናቸው፣ ከዕድሜም ጋር ይቦረቦራሉ። ከሁሉ የሚሻለው ምትክ የከብት አጥንት ነው፣ እሱም ሥጋ ቤት በነፃ ይገኛል። የእግር አጥንት ምረጡ፤ ውስጡን አጽድታችሁ በሳሙና ውኃ ቀቅሉት፣ ስቡም ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ቆርጦ በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከሉን አናጺም ይሠራዋል። የክሮቹን ስድስት ቦዮች ለማውጣት ግን እጅግ ቀጭን ሞረድና የረጋ እጅ ይጠይቃል፣ ይህን ደግሞ ወርቅ ሠሪ ያውቅበታል። አሮጌውን ቁራጭ እንደ ናሙና ስጡትና ቦዩን መጀመሪያ ከፍ አድርጎ እንዲተወው ንገሩት። ያልበቃውን በኋላ መሞረድ ይቻላል፤ ከመጠን ያለፈውን መመለስ ግን አይቻልም። በመላው ጥገና ውስጥ በትንሽ ወጪ ትልቁን የድምፅ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

መቃኛው ከጠነከረ ለመለወጥ አትቸኩሉ፤ ጥርሱ የሚታይ ዓይነት ከሆነ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። መለወጥ ግድ ከሆነ ለክተው ይግዙ፦ በናይለን ጊታር ላይ ከአንዱ ዘንግ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል ያለው የተለመደ ርቀት 35 ሚሊ ሜትር ነው።

የአንገቱን ከባድ ሥራ ግን አዳማ ውስጥ ለማንም አልሰጥም። የብረት ክር ጊታር አንገት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የብረት ዘንግ አለ፣ በብሩጎላ ይስተካከላል። ዘንጉ ከሩብ ዙር በላይ በአንድ ጊዜ አይዞርም፤ ከዞረ በኋላም ጊታሩ እንደገና ተቃኝቶ ይታያል። ክሩ በ12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተቀበረው ቀጭን ብረት) ላይ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ርቆ፣ ብሪጁ ላይ ያለው አጥንትም ዝቅ የሚልበት ቦታ ካጣ፣ አንገቱ ተፈትቶ እንደገና መገጠም አለበት። ይህንና የፍሬት ሥራን አዲስ አበባ ለሚገኝ የጊታር ባለሙያ ስጡት፣ ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ አያስቆጭም።

ቫርኒሽና የመኪና ቀለም ስለሚረጩት ቤቶች የምለው አጭር ነው፦ አትውሰዱት። የሚያምር ሥራ ይሠራሉ፤ ግን ወፍራም ቀለም የፊት እንጨቱን ድምፅ ያፍነዋል። የአባታችሁ እጅ ያለሰለሰውን ቦታም ለዘለዓለም ይሸፍናል። በትንሹ እርጥብ በሆነ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያም በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ በቂ ነው።

ለክር፣ አሮጌ የብረት ክር ጊታር ላይ ከ12 እስከ 53 ያለውን ትታችሁ ከ10 እስከ 47 ያለውን ግዙ፤ ስበቱ ወደ 60 ኪሎ ዝቅ ይላል፣ ለጣትም ይቀላል። ድምፁ ትንሽ ይሳሳል፤ ለሸመገለ ሙጫና እንጨት ግን ይህ ተገቢ ዋጋ ነው። ፎስፈር ብሮንዝ የሚባለው ከተራው ብሮንዝ ይልቅ ድምፁን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል። ዳዳሪዮ የተባለው የታወቀ የክር ምርት ነው ተብሎ ከተሸጠላችሁ የክሮቹ ጫፍ ቀለበቶች በተለያየ ቀለም መለየታቸውን አረጋግጡ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ አስመስሎ የተሠራ ነው ብላችሁ መልሱት።

ወደ አዲስ አበባ የምትወስዱ ከሆነ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይቻላል። ፒያሳ ላይ በ2016 ዓ.ም. ብዙ ቤቶች ስለፈረሱ የድሮውን አድራሻ አምናችሁ አትነሱ፤ ባለሙያው የት እንዳለ በስልክ አረጋግጡ፣ የብሪጁንና የአንገቱን ፎቶም አስቀድማችሁ ላኩለት። ክሩን ሁለት ድምፅ ያህል አላሉት፤ ጊታሩን ጣሪያ ላይ ወይም ዕቃ መጫኛ ውስጥ አታስጭኑ፣ የሁለተኛ ወንበር ሒሳብ ከፍላችሁም ቢሆን አጠገባችሁ አስቀምጡት።