ከቤት እስከ ማድቤትና በረት የሚሄድ የመብራት መስመር

ጠያቂ (ብቸና)፦
ሰላም ወንድሞች። ማድቤቱና በረቱ ከዋናው ቤት 30 ሜትር ይርቃሉ። አራት ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ አምፖል የሚያበራ መስመር በመሬት ውስጥ ልቀብር ነው፤ አፈሩ መረሬ ነው። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ይበቃል? አሁን በአየር የተዘረጋው ዝናብ በጣለ ቁጥር አርሲሲቢውን (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ መስመሩን የሚቆርጠውን) ይጥለዋል፤ መብራቱን ባጠፋውም ያው ነው።

መልስ (ደብረ ማርቆስ)፦
ለመብራት ብቻ ከሆነ 1.5 ይበቃል። አራቱ ተደምረው 40 ዋት ናቸው፤ በ220 ቮልት 0.2 አምፔር እንኳ አይሞላም። ጣጣው የሚመጣው እዚያው መስመር ላይ ምጣድ የተሰካ ዕለት ነው። ባለ 3.5 ኪሎ ዋት ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይስባል። የመብራቱ 10 አምፔር ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው) ደጋግሞ ሲወድቅ ሰው አውጥቶ 20 ይተክልበታል፤ ከዚያ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ገመዱ ግን ግሎ ሊቃጠል ይችላል። እባክህ ለምጣዱ ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ከነ20 አምፔር ብሬከሩ ለብቻው አውጣለት። በአንድ ጉድጓድ፣ በተለያየ ቱቦ ይሄዳሉ።

ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከቱቦው በታችም በላይም አሸዋ፣ ከዚያ ማስጠንቀቂያ ላስቲክ። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ገመዱን ይጎትተዋል። በሁለቱም ጫፍ ግማሽ ሜትር ትርፍ ተውለት። መሬት ውስጥ ቅጥያ እንዳይኖር፤ በናስትሮ የተጠቀለለ ውሃ ማስገባቱ አይቀርም።

መልስ (ሞጣ)፦
የዝናቡ ነገር፦ ማጥፊያው የሚቆርጠው ፌዙን (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውን ክር) ብቻ ነው። ውሃ ኒውትራሉን (መላሹን ክር) ከኧርዝ (ከመሬት መስመሩ) ካገናኘው፣ ቤት ውስጥ ሌላ ዕቃ እየሠራ እስካለ ድረስ አምፖሉ ቢጠፋም አርሲሲቢው ይወድቃል። ዋናውን አጥፋና ከመጨረሻው አምፖል ጀምረህ ፌዙንም ኒውትራሉንም ንቀል፤ ጫፎቹን ለየብቻ ሸፍነህ አብራ። መውደቁን ያቆመበት ቦታ ላይ ነው ውሃው ያለው። አብዛኛውን ጊዜ ገመድ ከላይ የገባበት የአምፖል መያዣ ነው። ከታች አስገባው፤ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ይበል፣ ጠብታው እዚያ ይወርዳል። መያዣውም ማገናኛ ሳጥኑም አይፒ 65 (አቧራም የተረጨ ውሃም የማያስገባ) ይሁኑ።

ጠያቂ፦
ተባረኩ። በረቱ ውስጥ አምፖል ብቻ ስለሆነ ኧርዙን ልተወው?

መልስ (ሞጣ)፦
እንዳትተወው። ላም የፊትና የኋላ እግሯ ስለሚራራቅ፣ እርጥብ መሬት ላይ በመካከላቸው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ልቧን ያገኘዋል፤ ሰው ብዙም የማይጎዳበት እሷን ይገድላል። ባለ ሦስት ክር ገመድ ዘርጋ፣ ለበረቱ የራሱ 30 ሚሊ አምፔር አርሲሲቢ ይኑረው። የኧርዝ ዘንጉን ባለ 2 ሜትር አድርገው፤ አጭሩን በበጋ ስንጥቁ ይለቀዋል። ማጥፊያውንና ማገናኛ ሳጥኑን ከበረቱ ውጭ ስቀል፤ ከሽንቱ የሚወጣው አሞኒያ መዳቡን ይበላዋል። አምፖሉም ቀንድ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን።