የካንሰር ውጤት መጀመሪያ ለማን ይነገር?

አወያይ፦ መከራከሪያችን ይህ ነው። አእምሮው ጤነኛ የሆነ አዋቂ ሰው ካንሰር እንዳለበት ሲረጋገጥ፣ ቤተሰቡ «ለእሱ እንዳትነግሩት» ቢል ሐኪሙ እሺ ማለት አለበት? ስድብ አይፈቀድም።

የበኩር ልጅ፦ አለበት። የአባቴን ውጤት እኛ ተቀብለን «ጨጓራ ነው» አልነው። ከጎንደር አዲስ አበባ ያመላለሰው፣ ወጪውን የሸፈነው፣ አልጋው ሥር ያደረው ቤተሰብ ነው። እኛ አገር መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ቤት ድረስ ተሄዶ ነው የሚረዳው። ታዲያ አንድ የማይታወቅ ሐኪም «ካንሰር ነው» ብሎ ወዲያው ቀጣዩን ተራ ሲጠራ ይህ ነው መብት?

የካንሰር ክፍል ነርስ፦ ወንድሜ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል። ግን አባትዎ ፀጉራቸው ሲረግፍ ምን መሰላቸው? እኔ በምሠራበት ክፍል በር ላይ የሕክምናው ስም በትልቁ ተጽፏል፤ የጎረቤት አልጋ ታማሚም ስለ ሕመሙ ሲያወራ ይውላል። ብዙዎቹ ያውቃሉ። ልጆቻቸው እንዳያዝኑ ብለው ያላወቁ ይመስላሉ። ልጆቹ ኮሪደር ላይ፣ አባት አልጋው ላይ፣ ለየብቻ ያለቅሳሉ። «ለጨጓራ ይህ ሁሉ ስቃይ ምንድን ነው?» ብለው መድኃኒቱን አቋርጠው የሄዱም አሉ። እነዚያን ማን ይመልሳቸዋል?

የሕግ ባለሙያ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ማንም ሰው ምርመራም ሆነ ሕክምና አልቀበልም ማለት እንደሚችል ይናገራል። ሕመሙን ያልሰማ ሰው ምኑን ይቀበላል፣ ምኑን እምቢ ይላል? የኑዛዜውን ጣጣ ደግሞ እኔ በየጊዜው አየዋለሁ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። «ጨጓራ» የተባለ ሰው ለዚህ ምን አስቸኮለው?

የበኩር ልጅ፦ ያን ሕግ ያረቀቁት እኮ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የፈረንጅ ልማድ ነው።

ከአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ተሳታፊ፦ የፈረንጅ ልማድ ቢሆን ኖሮ ፈረንጅም ባልደበቀ። እ.ኤ.አ. በ1961 በቺካጎ አንድ ሆስፒታል ሐኪሞች ሲጠየቁ 90 በመቶ ያህሉ ካንሰርን ለታማሚው አለመንገር እንደሚመርጡ ተናገሩ። በ1979 ተመሳሳይ መጠይቅ ለሌሎች አሜሪካውያን ሐኪሞች ሲቀርብ 97 በመቶው መንገርን መረጡ። በ18 ዓመት ተገለበጠ ማለት ነው። ልማድ ይለወጣል። ነገር ግን እዚህም ቢሆን የእኛ ሰው አስተርጓሚውን ወደ ጎን ስቦ «ይህቺን አትተርጉምላት» ይላል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ ጠቡ የሚነሳው ዘግይተን ስለምንጠይቅ ነው። እኔ ናሙና ከመወሰዱ በፊት ታማሚውን «ውጤቱን ለእርስዎ ልንገር ወይስ ለሚወክሉት ሰው?» እላለሁ። «ለልጄ ንገሩት» የሚሉ አሉ፤ ያ የራሳቸው ውሳኔ ነው፣ አከብራለሁ።

የበኩር ልጅ፦ ዶክተር፣ እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሰው እኮ ያን ጊዜውኑ ያውቃል!

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ ለካንሰር ተጠርጣሪ ብቻ ከጠየቅን አዎ። ለታይፎይድ የመጣውም ካርድ ሲያወጣ ይጠየቅ።

የጡት ካንሰር ታካሚ፦ እስካሁን ማንም ያልጠየቀውን ልጠይቅ። ቤተሰብ የምትሉት ማንን ነው? የእኔን ውጤት የሰማው ባለቤቴ ነው፤ ጡቴ ይነሳ አይነሳ የሚለውን ከወንድሞቹ ጋር መከረበት። እኔ ሻይ አፈላላቸው ነበር።

የበኩር ልጅ፦ እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ። ባል ብቻውን ይወስን አላልኩም። እናቴ ብትሆን ኖሮ እህቶቼን ሳናማክር አንድ እርምጃ አንሄድም ነበር።

የጡት ካንሰር ታካሚ፦ እናትዎንስ?