የመኪናዬ ሬድዮ 710 ኤኤም ላይ ብቻ ይንጫጫል፤ ጨዋታው ዛሬ ማታ ስለሆነ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ

ጥያቄ፦ የሬይኒየሩ ሾፌር
የተከበራችሁ አባላት፣ እዚህ ሲያትል ታክሲ ስነዳ የማሪነርስን የቤዝቦል ጨዋታ የምከታተለው በ710 ኤኤም ነው። ከሰሞኑ ግን ጣቢያውን በከፈትኩ ቁጥር «ጥዝዝ» የሚል ጩኸት የአስተላላፊዎቹን ድምፅ ይውጠዋል። የኤፍኤም ጣቢያዎች በሙሉ ጥርት ብለው ይሰማሉ። ጣቢያው የማሰራጫ ኃይሉን ሳይቀንስ አልቀረም። ጨዋታው ሳይጀመር መፍትሔ ብትጠቁሙኝ ታላቅ ውለታ ነው።

ነባር አድማጭ
ወንድሜ፣ ጣቢያው ኃይሉን ቀንሷል የሚለውን ግምት አልቀበለውም። 710 በ50,000 ዋት የሚሠራ ሲሆን፣ ማሰራጫው የቆመበት የቫሾን ደሴት በጨው ውኃ የተከበበ ስለሆነ ሞገዱ ያለ ብዙ ድካም ከተማው ይደርሳል። ሲመሽ የሚለወጠው የሞገዱ አቅጣጫ ነው፤ ኒውዮርክ ውስጥም በዚሁ 710 ላይ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ስላለ፣ የኤኤም ሞገድ ደግሞ በሌሊት ከሰማይ እየተንጸባረቀ ሩቅ አገር ስለሚደርስ፣ የሲያትሉ ጣቢያ ወደዚያ የሚሄደውን ኃይል እንዲገታ ይገደዳል። ዴቭ ኒሃውስ ቡድኑ ከተመሠረተበት ከ1977 እ.ኤ.አ. አንሥቶ እስከ 2010 ድረስ ጨዋታውን ያስተላልፍ ነበር፤ በ1995 ኤድጋር ማርቲኔዝ ኳሷን መትቶ ኬን ግሪፊ ከመጀመሪያው ቤዝ ተነሥቶ እየሮጠ ሲገባ ኒሃውስ ያሰማውን ድምፅ የሰማ ሰው፣ ይህን ጣቢያ ለጥዝታ አሳልፎ አይሰጥም።

ማርታ ዘ ሲያትል
የስልክ ቻርጀርዎን ይንቀሉ።

አዲስ ገቢ
እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። የቤዝቦል ሊጉ መተግበሪያ በክፍያ የሁለቱንም ቡድኖች የሬድዮ ስርጭት ያቀርባል፤ በዚህ ዘመን ከኤኤም ጋር መታገል ለምን አስፈለገ?

ነባር አድማጭ
በኢንተርኔት የሚመጣው ድምፅ ከአየሩ ስርጭት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጎረቤት ጮኾ ሲጨርስ እርስዎ ገና ውርወራውን እየጠበቁ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው ደግሞ የስልኩ ባትሪም ዳታውም ለሥራው ያስፈልጉታል።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ
በኤኤም ድምፁን የሚሸከመው የሞገዱ የጉልበት ከፍና ዝቅ ማለት ነው፤ በመኪናው ውስጥ የሚፈጠር ማንኛውም የኤሌክትሪክ ብልጭታ በዚያ ላይ ተደርቦ እንደ ድምፅ ይሰማል። ኤፍኤም በዚህ ብዙም አይነካም፤ ስለዚህ «ኤፍኤሙ ጥርት ይላል» ማለትዎ ሬድዮው ደኅና መሆኑን ይነግረናል እንጂ ጣቢያውን አያስወቅስም። አሁኑኑ ሞተሩን አጥፍተው ሬድዮውን ብቻ ይክፈቱ። ጩኸቱ ከጠፋ ምንጩ ዲናሞው ወይም የሞተሩ የእሳት መስመር ነው፤ ካልጠፋ ግን በሶኬት የተሰካ ነገር አለ። በቅርቡ መኪናው ላይ ያስገቡት ዕቃ ይኖራል?

ሣሙኤል
ቻርጀሩን ነቅለው ይሞክሩት እንጂ።

የሬይኒየሩ ሾፌር
ቻርጀሩን ነቅዬዋለሁ፤ ለውጥ የለም። ሞተሩን ሳጠፋም ጩኸቱ አልጠፋም። በመኪናው ላይ አዲስ ነገር የለም፤ መስታወቱ ላይ ካስገጠምኩት ካሜራ በስተቀር።

ቀልደኛው ጌታቸው
ወንድማችን፣ ነገሩን እኮ መጨረሻ ላይ ደበቁት! ካሜራው የጨዋታውን ስርጭት ከጋዜጠኛው ነጥቆ ራሱ እያስተላለፈ ነው፤ እስካሁን ግን አንድም ሆም ረን አላስቆጠረም። ከምር ግን የካሜራውን ገመድ ከሶኬቱ ሙሉ በሙሉ ይንቀሉ፤ ስክሪኑን ማጥፋት አይበቃም፤ 12 ቮልቱን ወደ 5 የሚያወርደው ከገመዱ ጫፍ ያለው ትንሹ ዕቃ ነው የሚጮኸው። ጩኸቱ ከቆመ ገመዱን ከአንቴናው ሽቦ አርቀው በሌላው ጎን ያሳልፉት፤ ፌራይት የሚባለውንም ጩኸት የሚያፍን ጥቁር ቀለበት ከሶኬቱ አጠገብ ይግጠሙበት።

ማርታ ዘ ሲያትል
አንድ ነገር ልጨምር። በሬይኒየር ጎዳና ላይ 7 ቁጥር አውቶቡስ የሚሄደው ከላይ በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ ከሥሩ ሲያልፉ ማንኛውም ኤኤም ይንጫጫል። ሙከራውን ከዚያ ጎዳና ወጥተው ያድርጉት፤ አለበለዚያ የሽቦውን ጥፋት በካሜራው ላይ ያላክካሉ።

የሬይኒየሩ ሾፌር
ካሜራውን ነቀልኩት፤ ጥዝታው በእጅጉ ቀነሰ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን የቀረው ነዳጅ ስሰጥ አብሮ የሚወጣ፣ ስለቅ የሚወርድ ቀጭን ፉጨት ነው።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ
ያ ሌላ ችግር ነው፤ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት የዲናሞው ነው። ቀድሞም ነበረ፤ ጥዝታው ሸፍኖት ነው። የሬድዮውንና የአንቴናውን ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘውን የኤሌክትሪክ መስመር) ያስፈትሹ፤ አንቴናው ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኝበት ቦታ ዝጎ ከሆነ ማሳው ይላላል። በአሸዋ ወረቀት ጠርገው ብሎኑን ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ካልበቃ ሬድዮው ኃይል በሚያገኝበት ሽቦ ላይ የፉጨት ማጣሪያ ያስገጥማሉ። ለዛሬው ማታ ግን ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርገው ይስሙ።

አዲስ ገቢ
የእኔም መኪና ላይ ተመሳሳይ ካሜራ አለ። ወንድሜ፣ ቀለበቱን ከገጠሙ በኋላ ካሜራውን መልሰው ሰክተው ጥዝታው መቅረቱን ቢነግሩኝ እኔም ልገዛ ነበር።