ከእናቴ ጋር ሮምና ፓሪስ፦ ከኮምቦልቻ ስንነሳ ምን እንያዝ፣ ምን እንተው?

የቦርከና ልጅ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። በመጪው መስከረም መጨረሻ ላይ ከእናቴ ጋር ለ12 ቀን አውሮፓን ለማየት አስበናል። ሮም 6 ቀን፣ ፓሪስ 4 ቀን፣ ከዚያ በባቡር ለንደን ደርሶ መመለስ ከተቻለ 2 ቀን። ሁለታችንም ሄደን አናውቅም።

የማንን አገር ቪዛ ነው የምንጠይቀው? ለንደንስ በዚያው ቪዛ ይገባል? እናቴ 64 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ሰላት አታሳልፍም፣ የውጭ ምግብም አይስማማትም። ቅቤ፣ ቋንጣና ሽሮ ካልያዝን አልሄድም ብላለች። ገንዘባችን የተቆጠረ ስለሆነ «ጥሩ ነው ሂዱ» ሳይሆን ቁርጥ ያለ ነገር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ሐረጎ

አብሽሪ እህቴ። ሮም ብዙ ቀን ስለምትቆዩ የምታመለክቱት ለጣሊያን ነው። ደንቡ ረጅሙን ጊዜ የምትቆዩበት አገር ነው፤ ቀኑ እኩል ቢሆን መጀመሪያ የምትገቡበት ይሆን ነበር። ቀጠሮ ቶሎ ተገኘ ብሎ ለሌላ አገር ማመልከት ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነገር ነው፤ ማመልከቻው አንድ አገር፣ የሆቴል ማስያዣው ሌላ አገር ሲል ወረቀቱ እርስ በርሱ ይጣላል።

ከሁሉ በፊት ቀን ቁጠሩ። የሼንገን ቪዛ (ጣሊያንና ፈረንሳይ ያሉበት የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ውሳኔ በመደበኛው 15 ቀን ነው የሚፈጀው። ለእኛ ግን የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ባሳለፈው ውሳኔ 45 ቀን ተደርጓል። በዚያው ውሳኔ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል፤ የሚሰጠው አንድ ጊዜ የሚያስገባ ብቻ ነው። ከሚጠየቀው ሰነድም አንድ እንኳ አይቀነስም። ማመልከቻ የሚቀበሉት ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ነው። መስከረም 23 (ኦክቶበር 3) ብትነሱ በሩ የሚከፈተው መጋቢት 25 ነው። ግንቦት ላይ ማስገባት ልክ ነው፤ ሐምሌ ከገባ በኋላ እየተጨነቃችሁ ትጠብቃላችሁ። ፓስፖርቱም እስኪወሰን እነሱ ዘንድ ይቆያል።

ክፍያው ለአንድ አዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ የማመልከቻ ማዕከሉ የአገልግሎት ክፍያ ለብቻው። ቢከለከልም አይመለስም። አሻራ ስለሚሰጥ ሁለታችሁም አዲስ አበባ በአካል መሄድ አለባችሁ፤ እናትን አስቀርቶ በውክልና አይሆንም።

ፓስፖርቱ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የወጣ፣ ከሼንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቀረውና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የጉዞ መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና በሁሉም የሼንገን አገሮች የሚሠራ ይሁን። መድኑ ላይ የሚበላሸው ቀኑ ነው፦ መነሻና መመለሻው በፈረንጅ አቆጣጠር መጻፉን፣ የምትመለሱበትንም ቀን መጨመሩን አንብባችሁ ተቀበሉ። አንድ ቀን ቢጎድል ይመልሱታል።

ሌላው የስም ጉዳይ ነው። የእናትሽን ወጪ አንቺ የምትሸፍኚ ከሆነ ዝምድናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ትጠየቃላችሁ። «መሐመድ» በአንቺ ፓስፖርት በኦ፣ በልደት ካርድሽ በዩ ተጽፎ ከሆነ ቀድመሽ አስተካክዪ፤ እነሱ ሁለት ሰው ነው የሚመስላቸው። የባንክ መግለጫው ላይ ደግሞ ከማመልከቻው በፊት በአንድ ቀን የገባ ትልቅ ገንዘብ ጥያቄ ያስነሳል። የንግድ ፈቃድ ካለሽ ወይም ተቀጣሪ ከሆንሽ ገንዘቡ ከየት እንደመጣና ለምን እንደምትመለሺ የሚናገረው እሱ ወረቀት ነው፤ ከገንዘቡ ብዛት የሚበልጠውም እሱ ነው።

የአውሮፕላን ቲኬት ቪዛ ሳይወጣ አትክፈሉ። ለማመልከቻው ማስያዣ ይበቃል። ሆቴልም በነጻ የሚሰረዘውን ምረጡ። «ኢቲያስ ላውጣልሽ» የሚል ደላላ ከመጣ ደግሞ ሸኚው፤ ኢቲያስ ቪዛ ለማይጠየቁ አገሮች ዜጎች የታሰበ የጉዞ ፈቃድ ነው፣ እኛን አይመለከትም።

ጦሳ ሥር

ሐረጎ ጨርሶታል፤ እኔ ለንደን ላይ ልጨምር። እንግሊዝ ሼንገን ውስጥ የለችም። ቪዛዋ ለብቻው ይጠየቃል፣ ለብቻው ይከፈላል። ከፓሪስ በባቡር ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፣ ቅርብ ይመስላል። ግን ፓሪስ ባቡር ጣቢያ ላይ ከሼንገን የመውጣት ቁጥጥር አለፋችሁ ማለት አንድ ጊዜ የምታስገባዋ ቪዛ አለቀች ማለት ነው። የመመለሻ አውሮፕላናችሁ ከፓሪስ ከሆነ ለንደን ላይ ትቀራላችሁ። ለንደንን የግድ ካላችሁ የመጨረሻ ከተማ አድርጋችሁ ከዚያው ወደ አዲስ አበባ ተሳፈሩ። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ተዪው፤ ለሁለት ቀን ሁለተኛ ቪዛ አይገባም። ሁለቱን ቀን ሮም ላይ ጨምሩና አንዱን ቀን ፍሎረንስ ውላችሁ ተመለሱ። በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ መሀል ከተማው ሜዳ ስለሆነ ለጉልበትም ይመቻል።

ቲኬቱን በሮም ገብቶ በፓሪስ መውጣት አድርጊው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለቱም ጋ ይበራል፤ ወደ ሮም ለመመለስ የምታባክኑት ቀንና ገንዘብ አይኖርም። ከሮም ፓሪስ ቀጥታ ባቡር የለም፤ ሚላኖ ወርዶ መቀየር ስላለበት ቀኑን ሙሉ ይበላል። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ነው። ግን ርካሽ ቲኬት ስታዩ ሁለት ነገር አንብቡ፦ የሻንጣ ዋጋና የአየር ማረፊያ ስም። ከአዲስ አበባ ለሰው ሁለት ሁለት ሻንጣ ይዛችሁ መጥታችሁ ርካሹ ቲኬት ወንበር ሥር የምትገባ ቦርሳ ብቻ ሊፈቅድ ይችላል። «ፓሪስ ቦቬ» የሚለው አየር ማረፊያም ከፓሪስ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው።

ለእናትሽ ዊልቼር ቲኬቱን ስትቆርጡ ጠይቂ፣ ቢዘገይ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት። ነጻ ነው። ዊልቼር የሚፈልጉት መራመድ የማይችሉ ብቻ አይደሉም፤ የሮሙ ፊዩሚቺኖና የፓሪሱ ሻርል ደጎል አየር ማረፊያ ኮሪደሮች ረጅም ናቸው፣ የፓስፖርት ሰልፉም ያስቆማል። አሁን በማህተም ፋንታ በኮምፒውተር ስለሚመዘግቡ ፊት ፎቶ ያነሳሉ፣ አሻራም ያመሳክራሉ፤ በመጀመሪያ መግቢያ ላይ ጊዜ ይወስዳል።

ሸዋበር

ስንቁን ለእኔ ተዉት። ቅቤና ቋንጣ አይገባም። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በተጓዥ እጅ የሚመጣ ሥጋና የወተት ውጤት ይከለክላል፤ የተነጠረም ቢሆን፣ በላስቲክ የታሸገም ቢሆን፣ ለራሴ ነው ብትሉም። ይወስዱና ይጥሉታል፣ ቅጣትም ሊኖረው ይችላል። አይብ እንደዚያው። ጭኮ ደግሞ እህል ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ ቅቤ አለበት። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል።

የሚሄደው ሽሮ፣ በርበሬ፣ ደረቅ ቅመም፣ በሶ፣ ድርቆሽና የተቆላ ቡና ነው። ሽሮው ቅቤ ያልገባበት ይሁን። እያንዳንዱን በሁለት ፌስታል አሥራችሁ በእጅ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጉ፤ በርበሬ ፈተሻ ላይ ከተዘረገፈ ሌላ ጣጣ ነው። ትኩስ ቅጠልና ፍራፍሬ አትያዙ። ጫት ለዘመድ አድርሱልኝ የሚል ካለም እምቢ በሉ፤ ጣሊያንም ፈረንሳይም በአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የሚያስጠይቅ ነው።

ሐላል ሥጋ ሮም ውስጥ ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ በእግር የሚደረስበት የኤስኩሊኖ የገበያ አዳራሽ አለ፤ ሐላል ሥጋ ቤቶችም፣ የእኛን የሚመስል ቅመምም ይገኝበታል። በቴርሚኒ ዙሪያ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፣ ሥጋው ሐላል መሆኑን ግን ጠይቁ። ለእናትሽ የሚሻለው ማብሰያ ያለው ክፍል መያዝ ነው። ሽሮዋን ከሠራች ሌላው ቀላል ነው።

ሰላት፦ የሮም ታላቁ መስጊድ በ1995 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው። ከፒያሳሌ ፍላሚኒዮ በሚነሳው በቪቴርቦ መስመር ባቡር ካምፒ ስፖርቲቪ ትወርዳላችሁ። ከመሀል ከተማ ስለሚርቅ ለጁምዓ እንጂ ለየወቅቱ አይታሰብም። የፓሪሱ በ1926 የተመረቀ ነው፣ ፕላስ ሞንዥ ሜትሮ አጠገብ፤ ከሰላት በኋላ ናዕናዕ ሻይ የሚጠጣበት ግቢም አለው። ለውዱ የጣሊያን ሆቴሎች ይመቻሉ፤ ከሽንት ቤቱ ጎን ቢዴ የሚባል ዝቅ ያለ መታጠቢያ ይኖራቸዋል። ፓሪስ ላይ ግን አትጠብቁ፣ ትንሽ የላስቲክ ጆግ ያዙ።

የቦርከና ልጅ

አላህ ይስጣችሁ። ለንደንን ሰርዣለሁ፤ ቅቤውን ለእናቴ የምነግራት ግን እናንተ ብትሆኑ ይሻል ነበር። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ከአየር ማረፊያ ወደ ከተማ በምን እንግባ? ከኮምቦልቻስ መቼ እንነሳ?

አራዳ

ከፊዩሚቺኖ ቴርሚኒ የሚወስደው ቀጥታ ባቡር 14 ዩሮ ነው፣ 32 ደቂቃ። ለሁለት ሰው 28። ነጩ ታክሲ በጥንቱ የከተማ ግንብ ውስጥ ለሚወርድ ሰው ቁርጥ ዋጋው 55 ዩሮ ነው፣ ለመኪናው እንጂ በሰው አይደለም፣ ሻንጣም አይጨመርበትም። ሻንጣና ጉልበት ስላለ ታክሲው ይሻላችኋል። አዳራሹ ውስጥ «ታክሲ ታክሲ» እያለ የሚቀርባችሁን ግን እለፉት፤ ሰልፉ ውጭ ነው። ፓሪስም ከሻርል ደጎል እንደዚሁ ቁርጥ ዋጋ አላት፣ ከ56 እስከ 65 ዩሮ፣ እንደምትወርዱበት የወንዙ ማዶ።

ሮም ውስጥ የአንድ ጉዞ ቲኬት 1.50 ዩሮ ነው፣ 100 ደቂቃ ይሠራል፤ አውቶቡስ ትቀያይራላችሁ፣ ሜትሮ ግን አንዴ ብቻ ነው የምትገቡበት። አውቶቡስ ላይ ቢጫዋ ማሽን ውስጥ አስገብታችሁ ካላስመታችሁት ቲኬት እንደሌላችሁ ይቆጠራል። የክልል ባቡር የወረቀት ቲኬትም ከመሳፈር በፊት መመታት አለበት። ተቆጣጣሪው «አላወቅንም» አይሰማም። ፓሪስ ላይ ናቪጎ ኢዚ የምትባል፣ የጉዞ ቲኬት የሚሞላባት ካርድ 2 ዩሮ ትገዛላችሁ፤ ለሁለት ሰው አንድ ካርድ አይሆንም፣ ለየራስ ነው።

የሮም መንገድ ትንንሽ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት ነው፣ ጎማ ያለው ሻንጣ ይንገጫገጫል፣ ስስ ሶል ጫማም እግር ያቃጥላል። ሆቴል ስትመርጡ ሊፍት መኖሩን በጽሑፍ ጠይቁ። ብዙዎቹ በአሮጌ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፣ ምድሩን ደግሞ ዜሮ ብለው ነው የሚቆጥሩት። ሒሳብ ስትከፍሉ የከተማ ግብር ይጨመራል፤ ሮም ላይ እንደ ሆቴሉ ደረጃ በሰው በአዳር ከ4 እስከ 10 ዩሮ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ያያችሁት ዋጋ ውስጥ ብዙ ጊዜ የለም። ለሁለት ሰው ለሳምንት ስትመቱት ቀላል አይደለም።

ኮሎሲየም ቲኬቱ በስም ስለሆነ ፓስፖርት ያዙ፤ ሽያጩ የሚከፈተው ከ30 ቀን በፊት ነው። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ማክሰኞ ዝግ ነው፣ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ሰውም ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 32 ዩሮ ሆኗል። ለሁለት 64፤ እናትሽ ሥዕል የማይማርካቸው ከሆነ ያን ገንዘብ በሴን ወንዝ ጀልባ ላይ አውሉት፣ ቁጭ ብለው ከተማውን ያያሉ። ውሃ አትግዙ፤ ሮም መንገድ ዳር ቀን ከሌት የሚፈሰው ቧንቧ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ነው።

ቴርሚኒ የቲኬት ማሽን ላይ «ላግዛችሁ» የሚል ሠራተኛ አይደለም። 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ቦርሳ ከፊት ይሁን። ፓሪስ ሳክረ ክር ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ክር እጃችሁ ላይ የሚያሥሩ አሉ፤ እጃችሁን ኪስ ከታችሁ እለፉ።

ሐረጎ

መነሻውን ልመልስ። የኮምቦልቻ አዲስ አበባ በረራና የሮሙን በአንድ ቲኬት ቁረጡት። አንድ ቲኬት ከሆነ የአገር ውስጡ ቢዘገይና የሮሙ ቢያመልጣችሁ ሌላ በረራ የማሳፈር ግዴታው የአየር መንገዱ ነው፣ የሻንጣ ፈቃዱም የዓለም አቀፉ ይሆናል። ለየብቻ ከቆረጣችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው። ጠዋት ኮምቦልቻ ላይ ጉም ከወረደ አውሮፕላኑ ሊዘገይ ስለሚችል፣ በመኪናም ብትሆኑ መንገዱ ስለማይታመን፣ አዲስ አበባ አንድ ቀን ቀድማችሁ እደሩ።

ሰዓቱን ደግሞ ሁለቴ አንብቡ። ቲኬቱ ኦክቶበር 3፣ 00:15 ካለ በእኛ ከሌሊቱ 6:15 ነው፤ ቦሌ መድረስ ያለባችሁ መስከረም 22 ማታ 3 ሰዓት ነው። መስከረም 23 ማታ የመጣ ሰው አንድ ሙሉ ቀን አርፍዷል። የባቡርና የሙዚየም ቲኬት ላይ 14:35 ማለት ከቀኑ 8:35 ነው። በዚያ ወቅት ሮምም ፓሪስም ከእኛ አንድ ሰዓት ወደኋላ ናቸው፤ ከኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ በኋላ ሁለት ሰዓት ይሆናል።

ሸዋበር

የእናትሽ መድኃኒት ካለ ከነካርቶኑ፣ በእንግሊዝኛ ከተጻፈ የሐኪም ማዘዣ ጋር፣ በእጅ ቦርሳ ይሁን። የሚጫነው ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል። ባትሪ መሙያ ላይ አትጨነቂ፤ ቀጭኑ ሁለት እግር ሶኬታችን ሁለቱም አገር ይገባል። ወፍራሙ ክብ ግን አንዳንድ የጣሊያን ግድግዳ ላይ አይገባም።

ቅቤውን በተመለከተ፦ ጉምሩክ ላይ ከሚጣል ኮምቦልቻ ላይ ለጎረቤት ይሰጥ በያት።