ኩባ መድኃኒት የላከ ሰው አለ?

የደሴቷ ልጅ፦ ሰላም ጎበዝ። በልጅነቴ ኩባ፣ የወጣቶች ደሴት ነው የተማርኩት። ያሳደገችን አስተማሪያችን አርጅታለች። የደም ግፊት መድኃኒት አጥታለች። ትናንት የመድኃኒት ገንዘብ ልልክላት ቸርችል ጎዳና አንድ ባንክ ገባሁ። ልጅቷ ፎርሙን አየችና «ኩባ?» ብላ ወደ ጓዳ ሄደች። ተመልሳ «አይሄድም ጋሼ» አለችኝ። ወጥቼ ትግላችን ሐውልት ጋ ቆምኩ። እኛ አገር የሞቱት የኩባ ወታደሮች ፎቶ እዚያ ተደርድሯል። አፈርኩ። መድኃኒትን የአሜሪካ ማዕቀብ አይነካውም ይባል የለ እንዴ?

ጡረተኛ ባንከር፦ ጋሼ፣ በልጅቷ አይፍረዱ። ዶላር ሲላክ አብዛኛውን ጊዜ በአሜሪካ ባንክ በኩል ያልፋል። «ኩባ» የሚል ካለ እዚያው ይቆማል። ወረቀቱ ላይማ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ1992ቱ የአሜሪካ ሕግ ወዲህ በፈቃድ ይሸጣል። ምግብም ከ2000 ጀምሮ፣ ያውም በቅድሚያ ተከፍሎ። ባንክ ግን ቅጣት ይፈራል፤ የተፈቀደውንም ጭምር ይተወዋል። በ2021 አሜሪካ ኩባን «ሽብር ይደግፋሉ» ከምትላቸው አገሮች መዝገብ ስትመልሳት ደግሞ ባሰ።

ሚጡ ፋርማሲ፦ ብሩን ይተዉት፣ በሰው እጅ ይላኩ። ኩባ በ2021 ሐምሌ መንገደኛ የሚይዘውን ምግብና መድኃኒት ከቀረጥ ነፃ አድርጋ ነበር። አሁን እንዴት እንደሆነ ኤምባሲውን ይጠይቁ። ከካርቶኑ እንዳያወጡት ብቻ! ከሌላው ሻንጣም ለይተው ያሽጉት።

የደሴቷ ልጅ፦ ተባረኪ ልጄ። አንድ የክፍል ጓደኛዬ በቅርቡ ይሄዳል። ዛሬ ፒያሳ የግፊቱን መድኃኒት፣ አምሎዲፒን ገዛሁ፣ 6 ፓኬት። አንድ ኪሎ ቡናም ጨመርኩ። ቡናውን ጉምሩክ ካስቀረው ይቅር።